የአዲስ አበባ ሰዓት በኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ

በአቃቂ ቃሊቲ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። የተሽከርካሪዎች መግቢያና መውጫ በኮምፒዩተር ስለሚመዘገብ የኬላዎቹ ሰዓት እርስ በርሱ መስማማት አለበት። አገራችን ሰዓቷን እንደ ወቅቱ ወደፊትና ወደኋላ ስለማትገፋ ነገሩ ቀላል ይመስላል።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር የሚቈጥረው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው። ይህን ወደየአገሩ ሰዓት የሚመልሰው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አርተር ዴቪድ ኦልሰን የጀመረው ሰንጠረዥ ነው። መንግሥታት ደንባቸውን ሲለውጡ ሰንጠረዡም ይታረማል። አሜሪካ በመጋቢት 1999 ዓ.ም. ሰዓት የምትገፋበትን ቀን በሦስት ሳምንት አስቀደመች፤ ግብፅም በሰኔ 2008 ዓ.ም. ልትገፋ ወስና ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሰረዘችው። አዲሱ ሰንጠረዥ ያልደረሰው ሰርቨር የሰከንድ ቈጠራው ትክክል ሆኖ ሳለ የእነዚያን አገሮች ሰዓት በአንድ ሰዓት ያዛባል።

በዚሁ ሰንጠረዥ የአዲስ አበባም ታሪክ ሰፍሯል። እንደ መዝገቡ ከሆነ የከተማይቱ ሰዓት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይቀድም ነበር፤ በዚያን ቀን 3 ሰዓት ሞላ። ዕለቲቱ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባባት ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ሲመለሱ በመዝገቡ የተጻፈው 3 ሰዓት ግን አልተለወጠም።

ይህ ቃል እውነት ስለ መሆኑ የሰንጠረዡ ጠባቂ ፖል ኤገርት ራሳቸው ተጠራጥረዋል፤ መረጃው ለኮከብ ቈጣሪዎች ከተዘጋጀ አትላስ የተቀዳ ሲሆን ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ከተሞች ከ1962 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ሰዓት ስላላቸው የአዲስ አበባ መስመር ከናይሮቢ ጋር ተጣመረ፤ አሮጌው መስመር ወደ ተለየ ፋይል ተዛወረ። ስለዚህ የተለመደው ኮምፒዩተር በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደ ነበረ ቢጠየቅ የሚመልሰው የናይሮቢን ታሪክ ነው።

ለቱሉ ዲምቱ ኬላ ይህ ጉዳት የለውም። የቀድሞ ቴሌግራምና የባቡር መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለሚያስገባ ባለሙያ ግን የ24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሰንጠረዡ በሰነድ የተደገፈ እርማት ይቀበላል፤ ሰነዱን ከመዛግብታችን ፈልጎ ማቅረብም የእኛው የሙያ ድርሻ ነው።