የሰማይ ቦቴዎች ሌሊት

ሚያዝያ 23 ዓመታዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ቀኑ የላብ አደሮች በዓል ሆኖ አብዮት አደባባይ ሰልፍ የሚወጣበት ነበር። በ1974 ዓ.ም. ቅዳሜ ላይ ዋለ። አዲስ አበባ ረፋዱ ሞቅ ሲል ደቡብ አትላንቲክ ላይ ገና አልነጋም፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ አምስት ሰዎች የተሳፈሩባት አንዲት ያረጀች የእንግሊዝ አውሮፕላን ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ ትበራለች። የቀራት ነዳጅ ማረፊያዋ ድረስ አያደርሳትም። አብራሪዋ ያውቃል፤ አራቱ ባልደረቦቹም ያውቃሉ። ሬዲዮናቸው ደህና ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አንድም ሰው «ድረሱልን» አላለም።

ያቺ አውሮፕላን ቪክተር ትባላለች። ቦምብ አልያዘችም፤ ሥራዋ ሌሎች አውሮፕላኖችን አየር ላይ ነዳጅ ማጠጣት ነው። በእኛ አነጋገር ቦቴ ናት፤ የሰማይ ቦቴ። የዚያን ሌሊት ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ቦምብ የጣለችውን ቫልካንን ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን ከቦቴዋ ጋር ነው።

የጦርነቱ ጉዳይ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። አርጀንቲና ማልቪናስ የምትላቸውን፣ እንግሊዝ ፎክላንድ የምትላቸውን ደሴቶች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 1982 ወረረች። እንግሊዝ መርከቦቿን አዘመተች። በ74ኛው ቀን፣ ሰኔ 14፣ በደሴቶቹ ላይ የነበረው የአርጀንቲና ጦር እጁን ሰጠ። በመካከሉ የእንግሊዝ አየር ኃይል ስታንሊ ከተማ ያለውን አውሮፕላን ማረፊያ ከሩቅ ተነስቶ ለመደብደብ ወሰነ። ለዚህ የሚሆን መነሻ የተገኘው አሴንሽን የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ ብቻ ነበር። ከአሴንሽን እስከ ስታንሊ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለንደን ካለው የአየር ርቀት ይበልጣል። በመካከሉ ባሕር እንጂ ሌላ የለም። ሄዶ መመለስም አለ።

ቪክተር መጀመሪያ የተሠራችው ለአቶም ቦምብ ነበር። ክንፏ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ፣ ሃንድሊ ፔጅ የተባለው ኩባንያ ያበጃት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ የበረረች አውሮፕላን ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 የእንግሊዝ ቦቴ የነበሩት ቫሊያንት አውሮፕላኖች ክንፋቸው ውስጥ ስንጥቅ ተገኝቶ ከአገልግሎት ሲወጡ ቪክተር በጥድፊያ ቦታቸውን ያዘች። ብረትም ይደክማል። እያንዳንዱ መነሣትና ማረፍ፣ እያንዳንዱ የንፋስ ግፊት ከክንፉ ዕድሜ ላይ ይቀነሳል፤ መካኒኮችም ድካሙን እየመዘገቡ ስንት እንደቀረ ያሰላሉ። ሃንድሊ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1970 ከስሮ ስለተዘጋ ቀጣዮቹን ቪክተሮች ወደ ቦቴነት የለወጠው ተፎካካሪው ሃውከር ሲድሊ ነበር። 24 አውሮፕላኖች ተለወጡ። በማርሃም ጦር ሰፈር የነበሩት 55ኛና 57ኛ ምድብ እ.ኤ.አ. በ1982 የሚያበሩት እነዚህን ነበር፤ ወላጅ ኩባንያቸው ከሞተ 12 ዓመት አልፏል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚከነክነኝ ወንበሩ ነው። ከአምስቱ የቪክተር በረራ አባላት አደጋ ሲመጣ ከአውሮፕላኑ ወጥተው የሚወረወሩበት ወንበር የነበራቸው ሁለቱ አብራሪዎች ብቻ ናቸው። ከኋላቸው ወደ ጭራው ዞረው የሚቀመጡት ሦስቱ፣ ሁለቱ መንገድ መሪዎችና የኤሌክትሮኒክስ ኃላፊው፣ ፓራሹታቸውን ይዘው ተነስተው በበሩ መውጣት ነበረባቸው። አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ሲወድቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1975 በሰሜን ባሕር ላይ ነዳጅ የመቀባበል ልምምድ ሲደረግ አንዲት ቪክተር ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭታ ከአምስቱ አራቱ ሞቱ። በማርሃም የሚኖር ሰው ይህን እያወቀ ነው በየቀኑ መሰላሉን የሚወጣው።

ቦምብ ጣይዋ ቫልካንም ከዚህ አትሻልም። ጡረታ ልትወጣ ወራት ቀርተዋት ነበር። አየር ላይ ነዳጅ የምትቀበልበት መሣሪያ ለዓመታት ሳይነካ ስለኖረ አፍንጫዋ ላይ የሚተከለው ዘንግ ጠፋ፤ ከየመጋዘኑና ሙዚየም ከገቡ ቫልካኖች ላይ ሳይቀር እየተነቀለ መጣ። ከክፍሎቹ አንዱ በመኮንኖች ክበብ ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ሆኖ ሲያገለግል ተገኘ ይባላል። ቫልካኖቹ ዘንጉ ተገጥሞላቸው አብራሪዎቹ ጥቂት ሳምንት ተለማመዱ፣ በአብዛኛው ቀን፣ አንዳንዴ ማታ።

አሴንሽን ላይ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ አለ። ስሙ ዋይድአዌክ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ በብዛት በሚራቡና ሌት ከቀን በሚጮሁ የባሕር ወፎች የተሰየመ። የሚያስተዳድሩት አሜሪካውያን፣ ነዳጁንም የሚያመጡት የአሜሪካ መርከቦች ነበሩ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከባሕሩ ዳር እስከ ማረፊያው ጊዜያዊ ቱቦ ዘረጉ፤ ነዳጁ ትልልቅ የጎማ ትራስ በሚመስሉ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ይገባል። የእሳተ ገሞራው አቧራ ሞተሮቹን እየበላ መካኒኮቹን እንቅልፍ ነሳቸው። ሰዎች በድንኳን ያድራሉ፤ አውሮፕላን አጠገብ አውሮፕላን ተደርድሯል።

አሁን ወደ ሌሊቱ።

ስሌቱ የድሮ ዘማች ስንቅ ስሌት ይመስላል። ሩቅ አገር የሚዘምት ሰው ስንቁን ብቻውን አይችለውም፤ ተሸካሚ ይከተለዋል፤ ተሸካሚውም ይበላል፤ ስለዚህ ለተሸካሚው ሌላ ተሸካሚ ያስፈልጋል። አንዲት ቪክተር ከ50 ሺህ ኪሎ በላይ ነዳጅ ትይዛለች፤ ግን ራሷም ትጠጣለች። ስለዚህ ቦቴ ቦቴን ያጠጣል፤ ያጠጣው ይመለሳል፤ የተቀበለው ይቀጥላል። እንዲህ እየተመናመኑ ሄደው መጨረሻ ላይ ከቫልካኗ ጋር የምትቀረው አንዲት ቪክተር ናት። አንዲት ቫልካን ስታንሊ ለማድረስ፣ ተጠባባቂዋን ጨምሮ፣ ያን ሌሊት 11 ቪክተሮችና 2 ቫልካኖች መብራታቸውን አጥፍተው፣ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ተከታትለው ተነሡ።

ችግሩ ወዲያው ጀመረ። ዋናዋ ቫልካን፣ ሻለቃ ጆን ሪቭ የሚመራት፣ የጎን መስኮቷ አልገጥም ብሎ የአየር ግፊቷ ስለወረደ ተመለሰች። ተጠባባቂው ሻምበል ማርቲን ዊዘርስ ተተካ። ከቪክተሮቹም አንዷ ቱቦዋ አልወርድ አላትና ተመለሰች። ቫልካኗ ከተፈቀደላት ክብደት በላይ ተጭና፣ ከቪክተሮቹ ጋር አብሮ ለመብረር በማይመቻት ከፍታ ላይ ስለነበረች፣ እቅድ አውጪዎቹ ከገመቱት የበለጠ ጠጣች።

መጨረሻ ላይ ሁለት ቪክተሮችና ቫልካኗ ቀሩ። ከሁለቱ አንዷን ሻምበል ስቲቭ ቢግላንድስ፣ ሌላዋን ሻለቃ ቦብ ታክስፎርድ ይመራሉ። በእቅዱ ታክስፎርድ ለቢግላንድስ ነዳጁን ሰጥቶ ሊመለስ፣ ቢግላንድስ ደግሞ ከቫልካኗ ጋር እስከ መጨረሻው ሊሄድ ነበር። ሁለቱ ቪክተሮች ሲያያዙ ማዕበል ውስጥ ገቡ። መብረቅ ይበርቃል፤ ከቱቦው ጫፍ ያለው ቅርጫት ሽቅብ ቁልቁል ይወረወራል። የቢግላንድስ ዘንግ ተሰበረ።

ዘንግ የሌለው አውሮፕላን መቀበል አይችልም፤ መስጠት ግን ይችላል። ስለዚህ እዚያው ማዕበል ውስጥ ቦታ ተቀያየሩ። ታክስፎርድ አሁን የሰጠውን ነዳጅ መልሶ ለመቀበል ከቢግላንድስ ኋላ ገባ። ቅርጫቱ ራሱ አውሮፕላን በሚያህል ስፋት ይወዛወዛል። ያዘው፣ አመለጠው፣ እንደገና ያዘው። በኋላ ማዕበሉን ወጥተው ከዋክብት ሲታዩ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ የተሰበረው የቢግላንድስ ዘንግ ጫፍ ታክስፎርድ ቅርጫት ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ ከሆነ ቫልካኗ መቀበል አትችልም። ዊዘርስ ቫልካኗን አስጠግቶ በእጅ ባትሪ ብርሃን ቅርጫቱ ታየ። ንጹሕ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ሰዎቹን የማደንቃቸው። ታክስፎርድ የቀረው ነዳጅ ለሁለቱም እንደማይበቃ አየ። ቫልካኗን ካጠጣ እሱ አሴንሽን አይደርስም፤ ካላጠጣ ዘመቻው እዚያው ያበቃል። ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሁሉም እንቀጥል አሉ። ሦስቱ የኋላ ወንበር ሰዎች ጭምር። ሰጠ፤ እቅዱ ላይ ከተጻፈው አሳንሶ፣ ራሱ ሊኖረው ከሚገባው ግን አብልጦ። ዊዘርስ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ወደ ስታንሊ አመራ። ታክስፎርድ ዞረ።

ሬዲዮ ከፍቶ ሌላ ቦቴ ቢጠራ አርጀንቲናውያን ሊሰሙ፣ ቫልካኗ ልትጋለጥ ትችላለች። ስለዚህ ዝም አሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ሲቀራቸው ነዳጃቸው እንደሚያልቅ እያሰሉ፣ ከታች ባሕር፣ ከኋላ ሦስት የማይወረወሩ ወንበሮች፣ ዝም አሉ። ጨርሰናል የሚለው የቫልካኗ ምልክት «ሱፐርፊውዝ» የሚል ቃል ነበር። ያ ቃል ሲሰማ ነው ታክስፎርድ የጠራው። ከአሴንሽን አንዲት ቪክተር ተነስታ ደረሰችለትና አጠጣችው።

ቫልካኗ 21 ቦምቦች ጣለች፤ አንዱ ማኮብኮቢያው ላይ ወደቀ። ስትመለስ ብራዚል ባሕር ዳርቻ ላይ ቦቴ አግኝታ፣ የሚፈስሰው ነዳጅ መስኮቷን እያለበሰው ተቀብላ፣ ወደ 16 ሰዓት ከበረረች በኋላ አረፈች።

ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ። የአየር ኃይሉ ወገን፣ ያ አንድ ጉድጓድ አርጀንቲና ተዋጊ ጄቶቿን ስታንሊ እንዳታሳርፍ አደረገ፤ ሚራዥ የሚባሉ ጄቶቿንም ዋና ከተማዋን ለመጠበቅ ወደ ኋላ አስመለሰ ይላል። ከመርከብ የሚነሡትን ሲ ሃሪየር ጄቶች ከመሩት አንዱ የሆነው ሻርኪ ዋርድ ደግሞ በጻፈው መጽሐፍ፣ ያን ሁሉ ነዳጅ ለሃሪየሮቹ ብትሰጡን ስንት ጊዜ በመታንበት ነበር ብሎ ይሞግታል። እኔ ሁለቱን ስመዝን ቁጥሩ ወደ ዋርድ ያደላል። ሚራዦቹ አየር ላይ ነዳጅ መቀበል አይችሉም ነበር፤ ከዋናው ምድር ተነስተው ደሴቶቹ ላይ ሊቆዩ የሚችሉት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቦምቡ ባይወድቅም ብዙ አይመጡም ነበር። ጉድጓዱንም አርጀንቲናውያን ሞሉት፤ በቀን አፈር እየከመሩ ጉድጓድ አስመሰሉ፤ በሌሊት ግን የጭነት አውሮፕላኖቻቸው፣ ሲ-130 ሄርኩለሶች፣ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ዋዜማ ድረስ እዚያ ያርፉ ነበር።

እነዚያ ሄርኩለሶች ሌላ ምዕራፍ ናቸው። መብራት አጥፍተው፣ ማዕበሉን ሊነኩ እየደረሱ፣ ጥይትና ምግብ አምጥተው ቁስለኛ ጭነው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን አንዷን፣ መርከብ ፍለጋ ከፍ ብላ ራዳር ስትከፍት አገኟትና ያው ዋርድ መትቶ ጣላት፤ የተሳፈሩት ሰባቱም ሞቱ። አርጀንቲና የነበሯት ቦቴዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ኬሲ-130። የተመቱ ስካይሆክ ጄቶች ነዳጃቸው እየፈሰሰ ሲመለሱ እነዚህ ሁለት ቦቴዎች ከተፈቀደላቸው ክልል አልፈው ይቀበሏቸው ነበር። ጄቷ ቱቦው ላይ ተጣብቃ፣ ወዲህ እየተሞላች ወዲያ እያፈሰሰች፣ እስከ አገሯ ትወሰዳለች። ታክስፎርድን የሚያደንቅ ሰው እነዚህንም ማድነቅ አለበት።

ዊዘርስ የላቀ የበረራ ጀግንነት መስቀል፣ ታክስፎርድ የአየር ኃይል መስቀል ተሸለሙ። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ጠላት ለገጠመ የሚሰጥ ነው፣ ሁለተኛው ጠላት ሳይገጥም ለተጋ። ልዩነቱን ደንቡ ያዝዛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ዘንግ ሲሰበር ምን እንደሚከተል ለማየት ከአንድ ወር በኋላ የሆነው ይበቃል፤ ሌላ ቫልካን ስትመለስ ዘንጓ ተሰብሮ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ለማረፍ ተገደደች። ቪክተሮቹ ከጦርነቱ በኋላ ዕድሜያቸው በፍጥነት አለቀ። 57ኛ ምድብ እ.ኤ.አ. በ1986 ተበተነ፤ የመጨረሻዎቹ ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት ተመልሰው በ1993 ጡረታ ወጡ። የዊዘርስ ቫልካን ዛሬም ዋዲንግተን ጦር ሰፈር ቆማ ትታያለች። የታክስፎርድ ቪክተር የለችም።

ያረጀ አውሮፕላን ማብረሩ አሁንም ያው ነው። የአሜሪካ ኬሲ-135 ቦቴዎች ማምረት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን ከ300 በላይ የሚሆኑት እስካሁን ይበራሉ፤ ከአብራሪዎቻቸው ወላጆች የሚበልጡ አሉባቸው። የእንግሊዝ አየር ኃይልም የመጨረሻዎቹን ሄርኩለሶች ያሰናበተው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ሄርኩለስን እኛም እናውቃታለን። ፎክላንድ ላይ ለአንድ ጉዞ ከ24 ሰዓት በላይ እየበረረ ያመላለሰው የእንግሊዙ የሊንሃም ጦር ሰፈር የሄርኩለስ ቡድን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰፈረ። መኪና የማይገባበት ደጋ ላይ፣ በጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖችና በፖላንድ ሄሊኮፕተሮች አጋዥነት፣ ሄርኩለስ የጭራዋን በር ከፍታ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብላ እየበረረች እህል ትጥል ነበር። እህሉ መሬት ሲመታ እንዳይበተን በተደራረበ ጆንያ ይታሰር ነበር።