ከመርከብና ከሎኮሞቲቭ እስከ ታንክ፤ የአንሳልዶ ኩባንያ ታሪክ

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ተከዜና ወደ ሽሬ የሚወስደው መስመር፣ በ1928 ዓ.ም. በራስ እምሩ ኃይለሥላሴ የሚመራው ጦር የፋሽስት ኢጣሊያን ወረራ ለመመከት የዘመተበት ነው። ጦሩ ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ የገጠማቸው ትናንሽ ታንኮች የተሠሩት፣ በጄኖቫ ከተማ መርከብና የባቡር ሎኮሞቲቭ በማምረት ስሙን በተከለው በአንሳልዶ ኩባንያ ነበር። ዛሬ በቀድሞ ይዞታው የማይገኘው ይህ ኩባንያ ከአሰብ እስከ ተከዜ ከአካባቢያችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1853 በጄኖቫ አጠገብ በምትገኘው ሳምፒየርዳሬና ተመሠረተ። በወቅቱ የፒየድሞንት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ካቩር ለአዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚያስፈልጉ ሎኮሞቲቮችን ከእንግሊዝ ከመግዛት ይልቅ በአገር ውስጥ ለማሠራት ይሹ ስለነበር፣ በኪሣራ የተዘጋ አንድ ፋብሪካ ለኢንጂነር ጆቫኒ አንሳልዶና ለሸሪኮቻቸው እንዲተላለፍ አደረጉ። በውጭ አገር እጅ ላለመውደቅ የራስን መሥሪያ ማቋቋም የዘመኑ ነገሥታት ሁሉ ምኞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 በስሜን ደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መሣሪያ ማሠራታቸው ይታወሳል። ልዩነቱ የአንሳልዶ ፋብሪካ ከጀርባው ባንክ፣ የመርከብ ባለሀብትና ቋሚ የመንግሥት ትእዛዝ የነበረው መሆኑ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዱ የመርከብ ባለሀብቱ ራፋኤሌ ሩባቲኖ ነበሩ። የሱዌዝ ቦይ በተከፈተበት በኅዳር 1869 (እ.ኤ.አ.) ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ሚሲዮናዊ በእኚሁ ባለሀብት የመርከብ ኩባንያ ስም አሰብ ላይ መሬት ገዛ። የመርከብ ማረፊያ ተብሎ የተገዛው ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ኢጣሊያ መንግሥት ተዛወረ። ከሦስት ዓመት በኋላም ኢጣሊያ ምጽዋን ያዘች። በንግድ ውል የተጀመረው ጉዳይ በዶጋሊና በአድዋ ጦርነቶች አለፈ።

አንሳልዶ በበኩሉ እየሰፋ ሄዶ በሴስትሪ ፖኔንቴ ትልቅ የመርከብ መሥሪያ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የፔሮኔ ቤተሰብ ሲመራው ብረት ከማቅለጥ አንስቶ የጦር መርከብና መድፍ እስከ መሥራት ያለውን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ለማድረግ ጥሯል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ትእዛዝ ኩባንያውን እጅግ አሳበጠው። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ትእዛዙ ቆመ፤ ዕዳው ቀረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 አበዳሪው ባንክ ሲወድቅ ኩባንያውም አብሮ ተናጋ። ከዚያ በኋላ የታደገው መንግሥት ሲሆን፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በ1933 በተቋቋመው የመንግሥት የኢንዱስትሪ መልሶ ግንባታ ድርጅት ሥር ተጠቃለለ።

በዚህ ጊዜ ኩባንያው እጅግ ፈጣን ከነበሩት የመንገደኛ መርከቦች አንዷ የሆነችውን ሬክስን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሕር ላይ አውርዷል። በአንጻሩ ከፊያት ጋር በመተባበር ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ታንክ ያመርት ነበር። ታንኩ የሚዞር ማማ ስላልነበረው መትረየሱ የሚተኩሰው ወደፊት ብቻ ነበር፤ ከጎንና ከኋላ የሚጠጋውን ሰው መመከት አይችልም።

ይህ ጉድለት ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ላይ ተገለጠ። በጠባቡ የተራራ መተላለፊያ የኢትዮጵያ ወታደሮች ታንኮቹን ከጎንና ከኋላ ከበው ከጥቅም ውጪ አደረጓቸው፤ የጠላት ጦርም ወደ እንዳሥላሴ አቅጣጫ አፈገፈገ። ይሁን እንጂ ድሉን ተከትሎ የመጣው ምላሽ በአውሮፕላን የተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። የራስ እምሩ ጦርም በየካቲት ወር በሽሬ ጦርነት ተሸንፎ ለማፈግፈግ ተገደደ። ከአምስት ዓመታት የአርበኞች ተጋድሎ በኋላ፣ በደባርቅ አጠገብ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጎንደርም በኅዳር ወር ነፃ ወጣች።

የኩባንያው ሌላ አሻራ በምጽዋ–አሥመራ የባቡር መስመር ላይ ይታያል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጓዘው በዚህ ዳገታማ መስመር፣ አንሳልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አገልግለዋል። ሎኮሞቲቮቹ በሁለት የተከፈሉ አንቀሳቃሽ ጎማዎች ስላሏቸው ጠባብ ኩርባዎችን መዞር ይችላሉ። ለቅኝ አገዛዝ የመጡት እነዚህ ሞተሮች ከአገዛዙ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንሳልዶ በየክፍሉ ተከፋፈለ። የመርከብ መሥሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 ለኢታልካንቲየሪ፣ በኋላም ለፊንካንቲየሪ ተላለፈ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ፊንሜካኒካ ተጠቃለለ። የባቡር ሥራው ከብሬዳ ጋር ተዋህዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጃፓኑ ሂታቺ ተሸጧል። ስሙ የተረፈው በኃይል ማመንጫ መሣሪያዎች ዘርፍ ነው።

የአንሳልዶ ታሪክ የሚያስገነዝበው አንድ ቁም ነገር አለ። በመንግሥት ትእዛዝ የተወለደ ኢንዱስትሪ የሚሠራውን የሚወስነው የአዛዡ ፖሊሲ ነው። ያው አውደ ጥናት የሐዲድ ሞተርም፣ የመንገደኛ መርከብም፣ ወራሪ ታንክም አውጥቷል። ትእዛዙ በጦርነት ላይ ብቻ ሲመሠረት ደግሞ ሰላም ራሱ ኪሣራ ሆኖበታል።