ጢስ፣ አይጥና ወተት

ልጅ ሳለሁ ኅዳር 12ን የምወደው ለእሳቱ ነበር። የግቢያችን ልጆች ደረቅ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌንና የተቀደደ ጫማ ሰብስበን ደጃፍ ላይ እንከምራለን። አያቴ ክብሪት ጭራ «በሽታው ይታጠን!» ስትል ሠፈሩ በጢስ ይሸፈናል። የትኛው በሽታ እንደሆነ የጠየቅኋት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

በሽታው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ሰዉ ጥፋቱን በቆሻሻው ሽታ ላይ ጣለ፤ ማቃጠሉም ልማድ ሆኖ ቀረ። ዛሬ እንደምናውቀው ግን ገዳዩ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር። የተከሰሰው ሌላ፣ ገዳዩ ሌላ።

የእኛ ሰዎች የከሰሱት ቆሻሻን ነው። ሰውን የከሰሰ ከተማም ነበር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1900 በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ቻይናዊ ፕሌግ በሚባለው ቸነፈር ሞቶ ተገኘ። ባለሥልጣናቱ የቻይናዎችን ሠፈር በገመድና በፖሊስ አጠሩ፤ በዳር ያሉት የነጮች ሱቆች ግን ከአጥሩ ውጭ ተተዉ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህ አድልዎ ነው ብሎ አጥሩን አስነሣ። የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሄንሪ ጌጅ ደግሞ ንግዱ እንዳይጎዳ ሲሉ በሽታው ጭራሹን የለም አሉ። ቸነፈሩን በላቦራቶሪ ያረጋገጠው ሐኪም ጆሴፍ ኪንዮን በጋዜጣ ሲዘለፍ ከርሞ በ1901 ከከተማዋ ተነሣ። እስከ 1904 ድረስ 121 ሰዎች ታመሙ፤ ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አወደማት። በፍርስራሹ ውስጥ አይጥ ተራባ፤ በ1907 ቸነፈሩ ተመለሰ። አሁን የሚሞቱት በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ የሚከሰስ ሠፈር ጠፋ። በዚህ መካከል ሳይንስም አንድ ነገር አረጋግጦ ነበር፦ በሽታውን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ ነው።

ሥራውን የመራው ሐኪም ሩፐርት ብሉ ሰውን ትቶ አይጥን አሳደደ። ሠራተኞቹ በየሠፈሩ ወጥመድና መርዝ ዘረጉ፤ አይጥ ለሚያመጣም ገንዘብ ተከፈለ። የተያዘው አይጥ ከየት እንደመጣ እየተመዘገበ በላቦራቶሪ ይመረመር ነበር። ዋናው ግን ሌላ ነው፦ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን እንዲኖረው፣ የጋጣና የምድር ቤት ወለል በሲሚንቶ እንዲለሰን ተደረገ። አይጥ የሚበላውም የሚያድርበትም አጣ። ከ150 በላይ ሰዎች ከታመሙ በኋላ ቸነፈሩ በ1908 ቆመ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የመጣችብኝ እናቴ ናት። ማለዳ ማለዳ የሠፈራችን ወተት ሻጭ በጣሳ ስትሰፍርላት ተቀብላ ሳታፈላ ለማንም አትሰጥም ነበር። ጎረቤቶቿ «ወተቱን ገደልሽው» ይሏታል። ወተት ሻጯም ቅር ይላታል፤ «የእኔ ላም ምን አደረገች?» ትላለች። እናቴ «አንቺን አላልኩም፣ የማይታየውን ነው» ብላ ታባብላታለች።

እውነቷን ነበር። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ የወተቱ ንጣት አያጋልጣቸውም፤ የሻጯ ታማኝነትም አያግዳቸውም። ስለዚህ ነገሩ በየእናቱ ጥንቃቄ ላይ ብቻ ሊተው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኒሴፍ እርዳታ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ሲቋቋም የመጣው አሠራር ፓስተራይዜሽን ነው፤ ወተት ለምሳሌ በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሴኮንድ ይሞቅና ወዲያው ይቀዘቅዛል። ለአንዲት እናት ምድጃ የተተወው ጥንቃቄ የከተማ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የከተማ ጤና ሠራተኛ ድካም ይኸው ነው፦ ማንንም ሳያዋርድ እውነተኛውን ጥፋተኛ መፈለግ። ሥራው ሲሳካ ምንም አይታይም፤ ያልታመመ ልጅ ማንንም አያመሰግንም።

አያቴም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ጢሷ ቫይረሱን ባይነካውም መጥረጊያዋ የአይጥን ቀለብ ነስቷል። እኔ ኅዳር ሲመጣ ላስቲክና ጫማ ማጨሱን ትቻለሁ፤ ደጃፌን ጠርጌ የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን እገጥማለሁ። ወተቱን ግን እንደ እናቴ ነው፤ ሳላፈላ አልጠጣም።