የስሜን በረዶ በቆዩ የጉዞ መጻሕፍት

ስለ ስሜን ተራሮች በረዶ የሚናገረው ጥንታዊ ምስክር የተገኘው ከተራራው ሳይሆን ከቀይ ባሕር ጠረፍ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ ስሜንን እንደወጋ፣ በዚያም በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ያወሳል። ከ1200 ዓመት በላይ ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉ ይህን አስተባበለ። ብሩስ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር የዘለቀ፣ አገሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ነበርና ቃሉን በቀላሉ መግፋት አይቻልም ነበር።

መልሱ የመጣው በ1814 ለንደን ላይ ከታተመው የሄንሪ ሶልት መጽሐፍ ነው። ሶልት ራሱ የስሜንን ነጫጭ ጫፎች ያየው ከትግራይ በኩል፣ በርቀት ነው። ተራራውን የተሻገረው ናትናኤል ፒርስ ግን የወረደው ነገር ድንጋይ እንደሚወረውር ሳይሆን እንደ ላባ በዝግታ የሚያርፍ እንደነበር ነገረው። በዚህ ንግግር ውስጥ ያለው ልዩነት የቋንቋ አጥኚን ያቆማል። አማርኛ በረዶ ሲል ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚነጠፈውንም፣ ረግቶ የጠጠረውንም ውኃ በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ግእዝ በረድን ከሐመዳና ከአስሐትያ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ የሐመዳ ርዝራዥ ዛሬ የማለዳውን ቅዝቃዜ በሚያመለክተው አመዳይ ላይ ይታያል። በአስተርጓሚ በኩል «በረዶ አለን?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ የሚያገኘው እሺታ የትኛውን እንደሆነ ማወቅ የሚችለው እንደ ፒርስ አወራረዱን ጭምር ከመረመረ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የሚያገኘው ምስክርነት ግማሽ ነው፤ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በሪቻርድ ፓንክኸርስትና በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ዘመን፣ በየአውሮፓው ከተማ ተበትነው የነበሩ የጉዞ መጻሕፍትን በአዲስ አበባ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሰባሰብ የደከመው ትልቅ ሥራ ነው።

የጥንት መጻሕፍት ገበያ ግን ሌላ ሚዛን አለው። ሥዕልና ካርታ ከጽሑፉ ይልቅ ዋጋ ስለሚያወጣ ቅጠሉ ተቀድዶ፣ በመስታወት ተለብጦ ለብቻው ይሸጣል። በ1841 ራስ ደጀን ላይ የወጡት ፈረንሳውያን መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ በ1847 እና 1848 ያሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ የራሱ አትላስ አለው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የተራራው ስም አንድ ቤት፣ ሥፍራው ሌላ ቤት ይቀራል። (ደጀን በካርታ ሠሪዎች እጅ ዳሽን ሆኖ እስከ ባንክና እስከ ቢራ ስም መዝለቁ መቼም የታወቀ ነው።) የሶልት መጽሐፍ ሲበተን ደግሞ ከኋላው የተያያዘው የቃላት ዝርዝር ማንም አይፈልገውም፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን አማርኛና ትግርኛ ብቻ ሳይሆኑ አገው፣ ሐረሪ፣ ሳሆና አፋር ጭምር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንደተሰሙ ሰፍረዋል።

ተራራ መለካትና ቃል መልቀም በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበትን ምሳሌ ለሚሻ አንቷን ዳባዲ አለ። በ1838 ምጽዋ የገባው ይህ ሰው ከጫፍ ወደ ጫፍ በመሣሪያ እያነጣጠረ፣ የእያንዳንዱን ተራራ ስም ከነዋሪው እየጠየቀ መዘገበ። የልኬት ሥራው «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» ኅትመት በ1873 ተጠናቀቀ፤ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ወጣ። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ከካርታ፣ ሁለተኛውን ከቋንቋ መደርደሪያ ያኖሩታል። በረዶ የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላቱ የሚፈታው ግን ያው ተራራዎቹን የለካው ሰው ነው።