ቅዱስ ሳዊሮስና ጠበቃው ወዳጁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥቅምት 2 ቀን ወደ ግብፅ መምጣቱን የምንዘክረው የአንጾኪያው ፓትርያርክ ቅዱስ ሳዊሮስ በወጣትነቱ የሕግ ተማሪ እንደ ነበረ ታውቃላችሁን? ጠበቃ ሊሆን አስቦ የተማረው በቤይሩት ነው፤ ከተማዪቱ በሮም ግዛት ሁሉ በሕግ ትምህርት ቤቷ ስመ ጥር ነበረች። ሳዊሮስ በመጨረሻ ምንኵስናን መረጠ። የትምህርት ጓደኛው ዘካርያስ ግን በቍስጥንጥንያ ጠበቃ ሆነ፤ የቅዱሱንም የሕይወት ታሪክ ጻፈ።

ጠበቃ ሲባል እውነትን አጣምሞ የሚረታ የሚመስለው ብዙ ነው። ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ሌላ ዓይነት ጠበቃ ታገኛላችሁ። ተቃዋሚዎች ሳዊሮስ ጣዖት ያመልክ፣ አስማትም ያደርግ ነበር ብለው ስሙን የሚያጠፋ ጽሑፍ አሠራጭተው ነበርና ዘካርያስ መልስ ሊሰጥ ተነሣ። ወዳጁ በተማሪነቱ ገና እንዳልተጠመቀ ግን አልሸሸገም፤ ለከሳሾቹ የሚመች ቢሆንም በግልጽ ጻፈው። በአገሩ በጲስድያ ጥምቀትን እስከ ጕልምስና ማዘግየት ልማድ እንደ ነበረ አስረዳ፤ በትሪፖሊ በሰማዕቱ ሌውንትዮስ ቤተ ክርስቲያን መጠመቁንም መሰከረ።

ከሕግ ተማሪዎች መካከል አስማተኞች መኖራቸውንም አልካደም። ከግብፅ የመጣ ዮሐንስ የተባለ ተማሪ ያፈቀራትን ሴት ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያዊ ባሪያውን በእኩለ ሌሊት ለአጋንንት ሊሠዋው ሞከረ። (ግሪኮች በዚያ ዘመን “ኢትዮጵያዊ” የሚሉት ጥቁር የሆነውን ሁሉ ስለ ነበር፣ በቃሉ ብቻ ትውልዱን ከአገራችን ማድረግ አይገባም።) መንገደኞች በድንገት ስለ ደረሱ ሰውየው ተረፈ። በሮም ሕግ ባሪያ በጌታው ላይ የሚሰጠው ምስክርነት በአብዛኛው ተቀባይነት አልነበረውም፤ እነዚያ ክርስቲያን የሕግ ተማሪዎች ግን ቃሉን ሰሙ። ዘካርያስም አብሯቸው ወደ ዮሐንስ ቤት ሄደ። መጻሕፍቱ ከወንበር ሥር በምስጢር ተቀምጠው ነበር፤ ያሉበትን ስፍራ ያመለከታቸው ራሱ ባሪያው ነው። የአስማት መጻሕፍቱም በእሳት ተቃጠሉ። ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል፤ ለተማሪዎቹ ከመምህራቸው ጉባኤ ውጭ የመጣላቸው የመጀመሪያው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

እኛም የማይመቸንን አንሸሽግ፤ ዘካርያስ በኋለኛ ዘመኑ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከተቀበሉት ወገን ሆኖ የምጢሊን ኤጲስ ቆጶስ ተብሏል። ለሳዊሮስ የጻፈው መከላከያ ግን ግሪኩ ቢጠፋም በሱርስት ትርጕም እስከ ዛሬ አለ።