ለትንሽ የአየር ጀልባ ዓሣ ፈላጊ ሶናር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

"ከደረስጌ ሆነህ ስለ ጀልባ ምን አስወራህ?" የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም ሐይቅ የላትም። ግን ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ማይ ሻሃ የሚገባው ተከዜ ነው። ከደባርቅና ከዳባት በጎንደር በኩል ቁልቁል ከወረድን ደግሞ ጎርጎራ ላይ ጣና ይጠብቀናል። ተደራጅተው በዓሣ ሥራ ለመሰማራት የሚያስቡ ልጆች ዩቲዩብ ላይ "ፊሽ ፋይንደር" የሚባለውን ዕቃ አይተው ይጎመጃሉ። የማህበር ብር ወይም ብድር ከማውጣታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ። ሴቭ አድርጉት።

ዕቃው ምን ይሠራል?

ዓሣ አይጠራም፣ ዓሣም አይስብም። ትራንስዱሰር የሚባለው ክፍሉ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ መሬት ወይም ዓሣ ነክቶ ሲመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ድምፅ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ስለሚጓዝ ከዚያ ጥልቀቱን ያሰላል። የሚሠራው በድምፅ እንጂ በብርሃን ስላልሆነ የጣና ድፍርስ ውኃ አያስቸግረውም። ዓሣን በደንብ የሚለየው ደግሞ ዓሣው ሆድ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ምክንያት ነው።

1. መጀመሪያ ውኃችሁን እወቁ

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ ከፍተኛው ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ "300 ሜትር ድረስ ያያል" ለሚል ማስታወቂያ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ቀረሶ የሚበዛው ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ደንገልና ሣር አጠገብ ነው። እዚያ ውኃው አንድ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሶናር ብዙም አይረዳችሁም፤ የአካባቢው የታንኳ አጥማጅ ልምድ ይበልጣል። እምቦጭ በሸፈነው ቦታም ሥሩ ስክሪኑን ይሞላዋል።

የተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሌላ ነገር ነው። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ አለው፣ ውኃው የተኛው ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከታች ዓለትና ቁልቁለት ስላለ መረብ የት እንደሚጣል ለመወሰን ሶናር እውነትም ይጠቅማል።

የማይ ሻሃ ዓይነት ፈጣንና ጥልቀት የሌለው ወንዝ ላይ ግን ጭራሽ አትግዙ።

2. ሦስት ዓይነት ነው ያለው

ሀ) የሚወረወር ኳስ። እንደ ዲፐር እና ጋርሚን ስትራይከር ካስት ያሉት ናቸው። ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ምስሉን በዋይፋይ ወደ ስልካችሁ ይልካል። ዋይፋዩ የራሱ የኳሱ ስለሆነ ዳታም ኔትወርክም አያስፈልግም፤ አፑን ግን ከቤት ሳትወጡ አውርዱ። ጀልባው ላይ ምንም አይገጠምም። ጉዳቱ፦ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይታይም፣ ስልኩ ውኃ ከገባ ሁለቱንም አጣችሁ። ውኃ የማያስገባ የስልክ ከረጢትና ፓወር ባንክ የግድ ነው።

ለ) የራሱ ስክሪን ያለው። ጋርሚን ስትራይከር 4 ዓይነቱ። ፀሐይ ላይ በደንብ ይነበባል፣ ጂፒኤስ ስላለው ጥሩ ቦታ ምልክት አድርጋችሁ በነጋታው ትመለሳላችሁ። 12 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል። ሰባት አምፒር አወር ያለው ትንሽ የታሸገ ባትሪ ሙሉ የሥራ ቀን ይይዘዋል፣ በሶላርም ይሞላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐ) ርካሽ በእጅ የሚያዝ። ባለ ገመድ ትራንስዱሰር ያለው ነው። ጥልቀት ይነግራል፣ ዓሣ ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል። ለመለማመጃ ይሆናል።

የእኔ ምክር፦ አንድ ሰው ለራሱ ከሆነ (ሀ)፣ ማህበር ሆናችሁ በየቀኑ የምትወጡ ከሆነ (ለ)።

3. ካርቶኑ ላይ የምታዩት ቁጥር

ኪሎኸርዝ፦ 200 ገደማ ከሆነ ጠባብ ግን ጥርት ያለ ያሳያል። 80 አካባቢ ሲሆን ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ዝርዝሩ ግን ይቀንሳል። ሁለቱንም የያዘ ይሻላል። "ቸርፕ" የሚል ካለ ደግሞ ተጠጋግተው ያሉ ዓሦችን ለይቶ ያሳያል።

ዲግሪ፦ ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት እየሰፋ ነው የሚወርደው። 20 ዲግሪ ከሆነ 8 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያየው ክብ ስፋቱ 2.8 ሜትር ብቻ ነው። 55 ዲግሪ ከሆነ ወደ 8 ሜትር ይደርሳል። ለጣና ሰፊው ይመረጣል።

ዋት፦ "ፒክ ቱ ፒክ" የሚለው ቁጥር "አርኤምኤስ" ከሚለው 8 እጥፍ ይገናል። 4,000 ሲሏችሁ እውነተኛው 500 ነው። ስታወዳድሩ አርኤምኤሱን ጠይቁ።

4. የአየር ጀልባ ላይ አገጣጠም

ብሎን አትምቱ! ለስላሳው የጎን ጎማ ላይ በቫኩም የሚለጠፈውም ይላቀቃል። ትራንስዱሰሩን ሞተር በሚታሰርበት ጣውላ ላይ በሚቆነጥጥ ዘንግ እሰሩት፣ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይይ። ባትሪውን ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን አድርጉና እሰሩት፣ ሹል ጠርዝ ጎማውን እንዳይነካ።

5. ስክሪኑ እንዳይሸውዳችሁ

የዓሣ ሥዕል የሚያሳየውን "ፊሽ አይዲ" አጥፉት። ቅርንጫፍም የአየር አረፋም "ዓሣ" ይልላችኋል። ጀልባው ሲንቀሳቀስ እውነተኛ ዓሣ እንደ ቅስት ይታያል፣ ጀልባው ሲቆም ረጅም መስመር ይሆናል። የታች መሬት መስመር ወፍራምና ደማቅ ከሆነ ዓለት፣ ቀጭንና ደብዛዛ ከሆነ ጭቃ ነው። አምባዛ ደግሞ መሬት ላይ ተጣብቆ ስለሚውል ሶናሩ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

6. ዋናው ነገር

አንደኛ፣ የሕይወት ጃኬት ሳይገዛ ሶናር አይገዛ። ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ለትንሽ የአየር ጀልባ ቀልድ አይደለም። ሶናሩ የሚያየው ከሥራችሁ ያለውን እንጂ ከጎን የሚመጣ ጉማሬን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዓሣው ያልቃል። የጣና የባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ ባሉት አሥር ዓመታት ቁጥራቸው ወደ 75 በመቶ መቀነሱን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት በክረምት ሊራቡ ወደ ወንዝ ሲወጡ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው መያዛቸው ነው። ሶናር ደግሞ የተሰበሰበ ዓሣ ለማግኘት የተሠራ ዕቃ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭ አፍ ላይ ይዛችሁ ከወጣችሁ የሚቀጥለውን ዓመት ገበያችሁን ነው የምታጠምዱት።

ሦስተኛ፣ ዓሣ አጥምዶ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ወረዳችሁ ግብርና ቢሮ ሂዱና ጠይቁ። የዕቃውን ደረሰኝም በጉዞ ላይ ከኪሳችሁ አታውጡ።

ብሩ ካልበቃችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጃኬት፣ ደህና መረብ፣ በረዶ መያዣ ሣጥን፣ ከዚያ ሶናር። የተያዘ ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ከተበላሸ የት እንደነበረ ማወቁ ምን ይጠቅማል?