ጅብራ በጉና ተራራ፦ አንድ ዝርያ የሚያድግበት፣ የሚተርፍበትና የሚተካበት መንገድ

የጉና ተራራ ከደብረ ታቦር ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈስሱት የጉማራና የርብ ወንዞች ከዚህ ተራራ ውኃ ያገኛሉ። በተራራው ውርጫማ ክፍል ከሚበቅሉት ዕፅዋት አንዱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጅብራ ነው።

የዝርያ ብዛት በምን ይወሰናል?

በአንድ ሥፍራ የሚኖሩ የአንድ ዝርያ አባላት ቁጥር የሚወሰነው በአራት ነገሮች ነው፤ እነዚህም በሥፍራው የሚወለዱት፣ የሚሞቱት፣ ከሌላ ሥፍራ የሚመጡትና ለቅቀው የሚሄዱት ናቸው። ዕፅዋት ከቦታቸው ስለማይንቀሳቀሱ የሚጓዘው ዘራቸው ነው። የሚበቅለው ከሚሞተው ሲበልጥ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ቦታ፣ ውኃና ብርሃን ሲያንሱ ግን ዕድገቱ ይገታል።

የጅብራ የሕይወት ዑደት

ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል እያወጣ ያድጋል። ከዚያም ያከማቸውን ኃይል አውጥቶ ረጅም የአበባ ዘንግ ያቆማል። ጥቃቅን ዘሮቹን ነፋስ ከበተናቸው በኋላ ተክሉ ይደርቃል። በዕድሜው የሚያፈራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወይራና ጽድ በአንጻሩ ለፍሬ ከደረሱ በኋላ ደጋግመው ያፈራሉ። በኬንያ ተራራ ከሚገኙት የጅብራ ዘመዶች መካከልም በደረቅ ተዳፋት የሚበቅለው አንድ ጊዜ አፍርቶ ሲሞት፣ እርጥበት ባለው ሸለቆ የሚበቅለው ደጋግሞ ያፈራል።

ይህ ለጥበቃ ያለው ትርጉም

ዘር ሳይበትን የተቆረጠ ጅብራ የብዙ ዓመታት ዕድገቱ ያለ ተተኪ ይቀራል። ስለሆነም የቆሙትን ትልልቅ ጅብራዎች ብቻ ቆጥሮ ዝርያው በደኅና ይዞታ ላይ ነው ማለት አይቻልም። በሥራቸው ቡቃያና ወጣት ተክል ከሌለ፣ ነባሮቹ አፍርተው ሲደርቁ ቦታው ባዶ ይሆናል። ልቅ ግጦሽ ቡቃያውን ይረግጣል፤ ወደ ላይ የሚገፋ እርሻም መብቀያውን ያጠባል። የአየር ሙቀት ሲጨምር ብርድ ወዳድ ዕፅዋት ወደ ከፍታ ይሸሻሉ፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መሸሻ የለም።

ከነዋሪዎች የሚጠበቅ

• ያበበ ወይም ዘር የያዘ ጅብራ አለመቁረጥ፤
• ዘሩን የበተነ ደረቅ ግንድ ለመጠቀም ሲፈለግ አስቀድሞ የቀበሌውን የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ማማከር፤
• ቡቃያ በሚታይበት ሥፍራ ከብት አለማሰማራት፣ በምትኩ ሣር አጭዶ መመገብ፤
• እሳት፣ ሕገ ወጥ ቆረጣ ወይም አዲስ የእርሻ መስፋፋት ሲታይ ለቀበሌው አስተዳደር ወዲያውኑ ማሳወቅ።

ጅብራ የሚበቅልበት የጉና አናት የታችኛው ተፋሰስ ገበሬ የሚጠቀምበት ውኃ መነሻም ነው። የተራራውን ዕፅዋት መጠበቅ አፈሩንና ምንጩን መጠበቅ ነው።